ባቦጋያ፦ ከጠርዙ ወደ ታች

ቢሾፍቱ ያለው የባቦጋያ ሐይቅ ሲነሣ አዲስ አበቤ ቶሎ ትዝ የሚለው እሑድ፣ የተጠበሰ ዓሣና ፎቶ ነው። ክፋት የለውም። እዚያ ቦታ ለመግዛት የሚያስብ፣ ልጆች ይዞ ለዋና የሚወርድ ወይም በሐይቁ ውኃ ሽንኩርት ላልማ የሚል ሰው ግን ከፎቶው ያለፈ ነገር ያስፈልገዋል። ይህ ጽሑፍ ለእሱ ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዝልኝ፦ ይህ ሐይቅ ወንዝ አይገባበትም፣ ወንዝም አይወጣበትም። ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው፣ የዓሣው ሞትም የፓምፑ ሒሳብም፣ ዞሮ ዞሮ ከዚህ ጋር ይገናኛል።

አደራረሱ

ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሁለት ነው። አሮጌው ከቃሊቲ ተነሥቶ በአቃቂ፣ በገላንና በዱከም በኩል ይገባል፤ ከባድ መኪና፣ ጋሪና ባጃጅ የሚጋፉበት መንገድ ነው። ሌላው እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ላይ ገብቶ በቢሾፍቱ መውጫ መውጣት ነው። መኪና የሌለው ከቃሊቲ መናኸሪያ ሚኒባስ ይይዛል። የከተማው ስም ቢሾፍቱ ከሆነ ቢቆይም ረዳቱ «ደብረ ዘይት» እያለ ቢጠራ አትደናገሩ። ከከተማው ወደ ባቦጋያ ባጃጅ አለ።

የፍጥነት መንገዱ ጊዜ ይቆጥባል እንጂ አገሩን አያሳይም። በአሮጌው ሂዱ፣ በፍጥነቱ ተመለሱ ባይ ነኝ። ስትሄዱ በግራ ይረር፣ በቀኝ ራቅ ብሎ ዝቋላ ይታያሉ። ይረር 3,100 ሜትር፣ ዝቋላ 2,989 ሜትር ከፍታ አላቸው፤ ሁለቱም ያረጁ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። ዝቋላ አናቱ ላይ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አለው። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 የንግሥ ቀን ስለሆነ በነዚያ ቀናት ወደዚያ አቅጣጫ የሚሄድ ትራንስፖርቱን ቀደም ብሎ ያስብበት። በሁለቱ ተራሮች መካከል የተዘረጋው ጥቁር ሜዳ የአድኣ ጤፍ የሚበቅልበት ነው።

ጉድጓዱ

ባቦጋያም እንደ ዝቋላ የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው፤ አሠራሩ ግን ለየቅል ነው። ዝቋላ ወደ ላይ ተከምሮ ተራራ ሆነ። ባቦጋያ ወደ ታች ተቆፈረ። ከመሬት ሥር የሚወጣው የቀለጠ ድንጋይ ገና ላይ ሳይደርስ የከርሰ ምድር ውኃ አገኘው። ውኃው ባንዴ እንፋሎት ሆነ። እንፋሎት ከውኃ ከሺህ ዕጥፍ በላይ ቦታ ስለሚፈልግ በላዩ ያለውን አለት ሰባብሮ ወደ ሰማይ ወረወረው። ፍንዳታው ተደጋገመ። የተወረወረው አመድና ስባሪ ድንጋይ ዙሪያውን ወርዶ ቀለበት ሠራ፤ መሐሉ ከከርሰ ምድር ውኃው ልክ በታች የወረደ ጉድጓድ ሆኖ ቀረና ውኃ ሞላው።

ይህን ለማየት የሥነ ምድር ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ወደ ውኃው የሚወርድ መንገድ ጠርዙን የቆረጠበት ቦታ ቆማችሁ ግድግዳውን ተመልከቱ። ጣት የሚያህል ግራጫ አመድ፣ በላዩ መዳፍ የሚያህል ጠጠር፣ እንደገና አመድ፣ እንደገና ጠጠር። ዕድል ከቀናችሁ ጭንቅላት የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ተሰክቶ ታገኛላችሁ። ከሥሩ ያሉት መስመሮች ወደ ታች ጎብጠዋል፤ ከላዩ ያሉት ቀጥ ብለው ያልፋሉ። ድንጋዩ ከሰማይ ወርዶ ገና እርጥብ የነበረውን አመድ አጎድጉዶ ተቀመጠ፣ የሚቀጥለው ፍንዳታ አመድ መጥቶ ሸፈነው ማለት ነው። ግድግዳውን በጥፍር ብትጭሩት ይፈረፈራል። ይህን ልብ በሉት፤ ስለ ቤት ግንባታ ስንነጋገር እንመለስበታለን።

በቢሾፍቱ ዙሪያ እንዲህ ያለው ጉድጓድ ብዙ ነው። ከተማው ውስጥ ያለው ቢሾፍቱ ሐይቅ 0.93 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋትና 87 ሜትር ጥልቀት አለው። ከሱ በስተሰሜን ሆራ አለ፤ 1.03 ካሬ ኪሎ ሜትር ሰፍቶ 38 ሜትር ይጠልቃል፣ ሁለት ጉድጓዶች የተጋጠሙበት ስለሆነም ክብ አይደለም። ከሆራ አልፎ ባቦጋያ፣ 0.58 ካሬ ኪሎ ሜትርና 65 ሜትር። በድሮ ጽሑፎች «ፓውሎ» ወይም «ቢሾፍቱ ጉዳ» የሚባለው ይኸው ባቦጋያ ነው፤ የተለያዩ ሐይቆች መስለውት ሦስቱንም የሚፈልግ አይጠፋም። በስተደቡብ አረንጓዴ ሐይቅ፣ በስተምሥራቅ ደግሞ ኪሎሌ አሉ። ጨለለቃ ከክረምት ክረምት የሚሰፋና የሚጠብ ረግረግ ነው፤ ኩሪፍቱ ከወንዝ በተጠለፈ ውኃ የሚሞላ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። እነዚህን ሁለቱን ከፍንዳታዎቹ ሐይቆች ጋር አንድ ላይ መቁጠር አይገባም።

እስኪ የባቦጋያን ቁጥሮች ገጣጥሙ። ክብ ነው ብንል ከዳር ዳር 860 ሜትር ገደማ ነው። አማካይ ጥልቀቱ 38 ሜትር ስለሆነ የያዘው ውኃ 22 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይጠጋል። አካባቢው በዓመት የሚያገኘው ዝናብ 850 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ፀሐይና ነፋስ ከውኃው ላይ የሚያተኑት ግን ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። ጉድለቱን የሚሞላው ከጠርዙ የሚወርደው ጎርፍና ከመሬት ሥር የሚሰርገው ውኃ ነው። ውኃው ሲተን ጨዉ አይተንም። ስለዚህ ሐይቁ ሶዳ አዘል ነው፤ የውኃን አሲድነት ወይም አልካላይነት የሚለካው ፒኤች ወደ 9 ይጠጋል። ለመጠጥ አይሆንም፤ ሳሙና ግን አረፋ ያወጣበታል።

ሰው እንዴት ሰፈረበት

የአድኣ ኦሮሞ ከብቱን ወደነዚህ ሐይቆች እየነዳ ያጠጣ የነበረው ከተማ ሳይኖር ነው። ጨው ያለው ውኃ ለከብት መልካም ነው። ሆራ አርሰዲ ላይ በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ የሚከበረው ኢሬቻም ከዚህ ሕይወት የተነሣ ነው። ክረምቱን ላሻገረው ፈጣሪ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ምስጋና ማቅረቢያ ነው። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በዚህ በዓል ላይ የብዙ ሰዎች ሕይወት አልፏል፤ የአካባቢው ሰው ዛሬም በከባድ ሐዘን ያነሣዋል። በበዓሉ ሰሞን ወደ ባቦጋያ ለመዝናናት የሚመጣ ሰው መንገድ እንደሚዘጋና ማደሪያ እንደማያገኝ አስቀድሞ ይወቅ። በዓሉን ሊያከብር ከመጣ ደግሞ መኪናውን ሩቅ አቁሞ በእግሩ ይግባ።

ከተማውን ከተማ ያደረገው ባቡር ነው። የጅቡቲው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ቢሾፍቱ የመንገድ ላይ ጣቢያ ሆነች፤ የአድኣ እህል መጫኛ አገኘ። ሁለተኛው ግፊት አየር ኃይል ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘንና ባልደረቦቹ ተጋብዘው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ የበረራ ትምህርት ቤቱን እዚህ አቋቋሙ። መካኒክ፣ አብራሪ፣ የውጭ አስተማሪ፣ የሱም ቤተሰብ መጣ፤ የሚኖርበት ቤት፣ የሚማርበት ትምህርት ቤት፣ እሑድ የሚዋኝበት ሐይቅ ፈለገ። የሐይቅ ዳር መዝናናት የሚባለው ልማድ ከዚያ ዘመን የመጣ ነው ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም። ንጉሠ ነገሥቱም ፌርፊልድ የሚባል ማረፊያ ቤተ መንግሥት በከተማው ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1955 ከተማው ደብረ ዘይት ተባለ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ የቀድሞ ስሙ ተመለሰለት።

እ.ኤ.አ. በ1953 የተመሠረተውን የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የሚረሱት ብዙ ናቸው። የሐይቁን ጉብኝት የሚያስተናግዱ ሰዎች ጭራሽ አያነሡትም። አዲስ አበባ የሚበላው እንጀራ ግን ከሐይቁ ይልቅ ከዚህ ግቢ ጋር ነው የሚገናኘው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው «ቁንጮ» የተባለው የጤፍ ዝርያ የተዳቀለው እዚህ ነው።

በንጉሡ ዘመን በሐይቆቹ ዳር የባለሥልጣናትና የባለሀብቶች ማረፊያ ቤቶች ተሠሩ። በ1967 ዓ.ም. የወጡት ሁለት አዋጆች፣ የገጠር መሬትን የሚመለከተው ቁጥር 31 እና የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የሚመለከተው ቁጥር 47፣ ያንን ሁሉ የመንግሥት አደረጉት። ከደርግ በኋላ ጠርዙ እንደገና ተፈላጊ ሆነ፤ ሎጁና የግል ቪላው ተደረደረ። የዛሬ ጎብኚ ዋና ችግር የዚህ ውጤት ነው። ሐይቁን ለማየት አብዛኛውን ጊዜ በሆነ ግቢ በር ገብቶ መክፈል ያስፈልጋል። ለከብት ማጠጫ የነበረው ዳርቻ በአጥር መካከል የምትቀር ቀጭን መተላለፊያ ሆኗል። ይህ ትክክል ነው ብዬ አላምንም፤ ውኃው የማንም የግል አይደለም።

ዓሣው ለምን ባንዴ ይሞታል

በነዚህ ሐይቆች ዘወትር ከሚጠየቁት ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ቆሮሶው ነጭ ሆዱን ገልብጦ ዳር ዳሩን ተንሳፎ ይገኛል፤ የበሰበሰ ዕንቁላል ሽታ ይሸታል። ሐይቁ ግብር ፈለገ የሚል አለ፤ መርዝ ተጨመረበት የሚልም አለ። ነገሩ ግን ይህ ነው።

ውኃው በሙቀት ይደራረባል። ላይኛው በፀሐይ ይሞቃል፤ ሞቃት ውኃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይቀራል። ታችኛው 19 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ይተኛል። ልዩነቱ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው፤ ግን ውኃ በሞቀ ቁጥር በአንዲት ዲግሪ የሚቀልለው መጠን ስለሚጨምር ይህችው ትበቃለች። ነፋስ ገብቶ እንዳያማስለው ደግሞ ጠርዙ ይከልለዋል፤ ስፋቱም ትንሽ ነው። ስለዚህ ለወራት ታችኛው ከላይኛው ጋር ሳይገናኝ ይቆያል። ከላይ የሚሞተው አልጌ (ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ጥቃቅን ነገር) እና ቅጠላቅጠል ወደ ታች ይወርዳል፣ ይበሰብሳል፣ ታች ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ኦክስጅኑ ሲያልቅ ያ የዕንቁላል ሽታ ያለው ጋዝ ይፈጠራል። በዚህ ወቅት ዓሣው የሚኖረው በላይኛው አሥር፣ አሥራ አምስት ሜትር ነው። መረቡን ከዚያ በታች የሚጥል ሰው ባዶውን ያወጣል።

ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ላይኛው ውኃ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ይከብዳል፣ ይሰምጣል፣ ታችኛውን ይገለብጠዋል። ኦክስጅን የሌለው ውኃ ከነጋዙ ወደ ላይ ይወጣና ዓሣው ያለበትን ይሞላዋል። ነፋሻ ሌሊት ከተጨመረበት ፈጥኖ ይሆናል። በዚህ ላይ ከፍታው አለ። 20 ዲግሪ የሆነ ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ይችላል፤ 1,870 ሜትር ላይ ግን የሚይዘው 7 ያህል ነው። ዓሣው ከመጀመሪያውም የሚበቃው እንጂ የሚተርፈው አየር የለውም።

ምልክቱ ቀድሞ ይታያል። ዓሣው ፊላው አጠገብ ተሰብስቦ አፉን ከውኃው በላይ እያወጣ ያለከልካል። ወፎቹ ከወትሮው በተለየ አንድ ቦታ ይከማቻሉ። የውኃው ቀለም ይደፈርሳል። አምባዛ አየር ከላይ መሳብ ስለሚችል ቆሮሶው ሲያልቅ እሱ ይተርፋል፤ የሞተው አንድ ዓይነት ብቻ መሆኑ መርዝ እንዳልሆነ ከሚያሳዩት ነገሮች አንዱ ነው።

ተንሳፎ የተገኘን ዓሣ ሰብስቦ የሚሸጥ አለና በነዚያ ቀናት ስትገዙ ተጠንቀቁ። ጉንጩን ገልጣችሁ ስንጥቡን (የሚተነፍስበትን) እዩ፤ ደማቅ ቀይ ካልሆነ፣ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ተዉት። ዓይኑ የወጣና የጠራ ይሁን። በጣት ስትጫኑት ሥጋው ካልተመለሰ ብዙ ቆይቷል። የተጠበሰ ከሆነ እነዚህን ማየት ስለማይቻል ከመጠበሱ በፊት አሳዩኝ ማለት ነውር የለውም።

ሁለቱ ጎረቤቶች

ስለ ባቦጋያ ለመናገር አረንጓዴ ሐይቅንና ኪሎሌን ማየት ይጠቅማል፤ ምን ሊሆን እንደሚችል ያሳያሉና።

አረንጓዴ ሐይቅ ከባቦጋያ ይልቅ ሶዳው የበዛ ነው። ስፒሩሊና የሚባለው ጥቃቅን አልጌ ውኃውን የጎመን ጭማቂ አስመስሎት ኖሯል፤ ፍላሚንጎዎች የሚመጡትም እሱን ፍለጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተመራማሪዎች እዚህና ኪሎሌ ላይ የለኩት የፎቶሲንተሲስ መጠን በተፈጥሮ ውኃ ከተመዘገቡት ሁሉ ከከፍተኞቹ ተርታ ነበር። ቀን ቀን ኦክስጅኑ ከልክ በላይ ይሞላል፤ ሌሊት ያው ሁሉ አልጌ ስለሚተነፍስ ይጠፋል። ውኃ አረንጓዴ መሆኑ ሕይወት አለው ማለት ነው ብሎ የሚደሰት ሰው ሌሊቱንም ይቁጠር። የሎጅ ፍሳሽ ባቦጋያን ወደዚህ ይገፋዋል፤ ልዩነቱ ባቦጋያ ላይ የሚበዛው ስፒሩሊና ሳይሆን መርዝ ሊያመነጭ የሚችለው ሌላው ዓይነት መሆኑ ነው።

ኪሎሌ ሌላ ዕጣ ገጠመው። እ.ኤ.አ. በ1989 ለመስኖ ተብሎ የሞጆ ወንዝ ተጠልፎ ገባበት። ሶዳው ቀጠነ፣ ስፒሩሊናው ጠፋ፣ ፍላሚንጎውም መኖውን አጣ፤ በምትኩ ለዓሣ የሚስማማ ውኃ ሆነ። ገበሬው ተጠቅሟል፤ በዚያ አልከራከርም። ግን በሺህ ዓመታት የተጠራቀመ የውኃ ባሕርይ በጥቂት ዓመታት ሊለወጥ እንደሚችል የታየው እዚያ ነው።

ለዋና የሚወርድ ሰው

ባቦጋያ ደረት ድረስ እየተራመዱ የሚገቡበት ዓይነት ሐይቅ አይደለም። ጠርዙ ከውኃው በላይ እንዳዘነበለ ከውኃው በታችም ያዘነብላል። ጉልበት ድረስ፣ ወገብ ድረስ፣ ከዚያ እግር የሚያርፍበት የለም። ሰው የሚሰምጠው መዋኘት ስለማይችል ብቻ ሳይሆን ወለል አለ ብሎ ስለሚረግጥ ነው። ያ የፈረፈርነው አመድ ከውኃ በታች ይንሸራተታል፤ ተመልሶ ለመውጣት የሚሞክር ሰው እግሩ ሥር ያለው ይናድበታል።

ስለዚህ ልጅ ያለ ሕይወት ጃኬት አይግባ፤ የተነፋ ጎማ ምትክ አይሆንም፣ ነፋስ ወደ መሐል ይወስደዋል። በከፍታው ምክንያት አየሩ ስለሚሳሳ ከቆላ የመጣ ዋናተኛ ከለመደው ቀድሞ ይደክመዋል። በልቶና ጠጥቶ መግባት ደግሞ የምታውቁት ነው። ጃኬት ከሌለ ክዳኑ የገጠመ ባዶ 20 ሊትር ጀሪካን 15 ሜትር ገመድ አስራችሁ ዳር አስቀምጡ። 20 ኪሎ ገደማ ያነሣል፤ ይህም ሰው አፉን ከውኃ በላይ ለማድረግ ከበቂ በላይ ነው። የሚሰምጥን ሰው ዘሎ ከመያዝ ጀሪካኑን መወርወር ይሻላል፤ ዘሎ የያዘው አብሮት የሄደበት ጊዜ ብዙ ነው። ጠዋት ውኃው ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሣል። ጀልባም ዋናም በጠዋት።

ፓምፕ የሚተክል ሰው

እዚህ ጋ ሒሳብ እንሥራ። የሐይቁ ገጽ 0.58 ካሬ ኪሎ ሜትር ከሆነ አንድ ሴንቲ ሜትር ውኃ 5,800 ሜትር ኩብ ነው። በሰከንድ 10 ሊትር የሚስብ ፓምፕ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 288 ሜትር ኩብ ያወጣል። በ20 ቀን አንድ ሴንቲ ሜትር ወሰደ ማለት ነው። አንዱ ፓምፕ ምንም አይደለም። አሥሩ በስድስት ወር በጋ ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወስዳሉ፤ ይህም ሰማይ በዓመት ከሚያፈሰው ዝናብ ጋር ይቀራረባል። የሐረማያ ሐይቅ በእኛው ዕድሜ ደርቆ የታየው በከፊል እንዲህ ባለ ሒሳብ ነው። ወንዝ ያለው ሐይቅ ቢጎድል ወንዙ ይመልሰዋል፤ እዚህ የሚመልስ የለም።

ውኃው ቢበቃ እንኳ መሬቱ አይወደውም። ሶዲየም ያለበት ውኃ መረሬ (ጥቁር ሸክላማ) አፈር ላይ ሲጠጣ የሸክላውን ቅንጣቶች ይለያያቸዋል። አታላዩ ነገር ችግሩ ወዲያው አለመታየቱ ነው። በጋውን ሙሉ በሐይቁ ውኃ ሲጠጣ ደህና ይመስላል፤ ጨዉ ራሱ ቅንጣቶቹን ሰብስቦ ይይዛቸዋልና። ክረምት ገብቶ የዝናብ ውኃ ጨዉን ሲያጥበው አፈሩ ይበተናል፤ ሲደርቅ ላዩ እንደ ሊሾ ይሆናል፣ ዘር አይበቅልበትም፣ ውኃ አያሰርግም።

ማሳ ከመከራየታችሁ በፊት እንዲህ ሞክሩት። ከማሳው ደረቅ ጓል ወስዳችሁ በሐይቁ ውኃ አርሳችሁ አድርቁት፤ ሦስት አራት ጊዜ ድገሙት። ከዚያ ባቄላ የሚያህል ስባሪውን የዝናብ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ሳትነኩ ጣሉት። ፈርሶ ከሥሩ ቢከመር ችግር የለም። ዙሪያውን ወተት የመሰለ ደመና ከሠራ ያ መሬት በዚህ ውኃ አይጠጣ። ብርጭቆውን አታማስሉት፤ ሲያማስሉት ደህናውም ይደፈርሳል።

ቤት የሚሠራ ሰው

ባቦጋያ ላይ ሁለት ዓይነት መሬት አለ፤ ሻጩ ሁለቱንም «ምርጥ ቦታ» ይላችኋል። ከጠርዙ ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ ሜዳው ሲጀምር ያለው መረሬ ነው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በላዩ የተሠራ ቀላል ቤት፣ በተለይ ፎቅ የሌለው የብሎኬት ቤት፣ ከመስኮቱ ማዕዘን ጀምሮ በሰያፍ ይሰነጠቃል። መፍትሔው የታወቀ ነው። ጥቁሩን አፈር ቢያንስ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል አውጥቶ ገረጋንቲ መሙላት፣ እሱንም ባንዴ ሳይሆን ከ20 እስከ 25 ሳንቲም እየደረደሩ እያጠጡ መደልደል ነው። ብዙው ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ገረጋንቲው በገልባጭ ይደፋል፣ ላዩ ብቻ ይረገጣል፣ በሁለተኛው ክረምት ይሰምጣል። የጣሪያ ውኃም በአሸንዳ ተሰብስቦ ከመሠረቱ ይራቅ፤ ግማሹ ስንጥቅ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ጠርዙ ላይ ያለው ደግሞ ያ የሚፈረፈር አመድ ነው። ደረቅ ሲሆን ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ለመቁረጥም ቀላል ነው፤ ለዚህ ነው ሰው ድፍረት የሚያገኘው። ሲርስ ይናዳል። ከገደሉ አፋፍ ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ ካያችሁ፣ ጠባብም ቢሆን፣ ድርድሩን እዚያው አቁሙ።

አመዱን የሚያርሰው ዝናብ ብቻ አይደለም። አሥር ክፍል ያለው ሎጅ ክፍሎቹ ሲሞሉ ሃያ ሰው ይይዛል፤ በሰው በቀን 150 ሊትር ብንል 3,000 ሊትር ፍሳሽ ነው። ሴፕቲክ ታንኩ ቢያንስ የሁለት ቀን ፍሳሽና ሥር የሚቀመጠውን ዝቃጭ መያዝ አለበት፤ ከስድስት ሜትር ኩብ ያነሰ ታንክ ለማስመሰል የተሠራ ነው። በደንብ የተሠራውም ቢሆን ደረቁን ያስቀራል እንጂ ናይትሮጅኑንና ፎስፈረሱን አያስቀርም። እነሱ በማስረጊያው በኩል በአመዱ ውስጥ ወርደው ሐይቁን ያገኛሉ፤ አልጌውን የሚመግቡት፣ አልጌውም ሞቶ ወደ ታች ወርዶ ኦክስጅኑን የሚጨርሰው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ማስረጊያው ከጠርዙ ወደ ውጭ በሚያዘነብለው በኩል ይቆፈር፤ በሐይቁ በኩል ጭራሽ አይሁን።

ቦታ ወይም ሎጅ ለመግዛት ስትሄዱ ባለቤቱን ታንኩ የት እንዳለና መጣጭ መኪና መጨረሻ የመጣው መቼ እንደሆነ ጠይቁት። ደረሰኝ ካሳየ ጥሩ ነው። «ኧረ እኛ ጋ ሞልቶ አያውቅም» ብሎ በኩራት ከነገራችሁ ታንኩ ከሥር ክፍት ነው።